የአፈር ቤተ ሙከራ ራሱን የቻለ ኮርስ መሆን ለምን ያስፈልገዋል? ከቀፊራና ከደቻቱ ዳርቻ የሚነሳ ጥያቄ

በድሬዳዋ ከተማ የሚገኘው የቀፊራ ገበያ ዓመቱን ሙሉ በሰውና በሸቀጥ የተሞላ ነው። በአቅራቢያው የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የማይታይበት፣ ነዋሪው በእግሩ የሚሻገረው ሰፊ የአሸዋ መሬት ነው። ይህ ደረቅ ወንዝ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ከደጋው በወረደ ድንገተኛ ጎርፍ ሞልቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ለሕልፈት፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ደግሞ ለመፈናቀል ዳርጓል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል፤ ከተማዋም በኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በነጻ የንግድ ቀጣና እና በኮሪደር ልማት ሥራዎች ፊቷን እየቀየረች ትገኛለች።

ግንቡም ሆነ ሕንፃው፣ ድልድዩም ሆነ መንገዱ በመጨረሻ የሚያርፈው በአፈር ላይ ነው። ብረትና ሲሚንቶ ጥራታቸው ተወስኖ ከፋብሪካ ይወጣሉ፤ አፈር ግን በተፈጥሮ እንደተገኘ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ አፈርን በእጁ የመመርመርና የምርመራ ውጤትን በትክክል የመመዘን ችሎታ የሚያገኘው የትና እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ከሥርዓተ ትምህርት ዝርዝርነት አልፎ የሕዝብ ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። ይህ ትንታኔ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የጂኦቴክኒካል ምህንድስና ቤተ ሙከራን ራሱን የቻለ፣ የራሱ ክሬዲትና የራሱ ውጤት ያለው ኮርስ የማድረግን አስፈላጊነት፣ ይዘትና ተግዳሮት ይመለከታል።

ከገበያው በታች ያለው መሬት

የድሬዳዋ አመሠራረት ራሱ ከመሬት አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር መሥመር ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪና ወጪው ከባድ በመሆኑ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስም ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። በአንድ በኩል በፕላን የተሠራው ከዚራ፣ በሌላ በኩል ቀፊራ የሚገኝበት መጋላ አድገው ደቻቱን በመካከላቸው አድርገው ይኖራሉ።

ከከተማዋ በስተደቡብ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ይገኛሉ፤ ከተማዋ ግን በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት። ከተራሮቹ የሚወርደው ጎርፍ ለረጅም ዘመናት ያመጣውን ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል እዚሁ ግርጌው ላይ እየጣለ ኖሯል። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ አንዱ ንብርብር ከሌላው ይለያል። ዛሬ ጠንካራ ጠጠር የተገኘበት ጉድጓድ ጥቂት ሜትሮች ፈቀቅ ሲባል በአሮጌ የወንዝ መውረጃ የተሞላ ልል አሸዋ ሊገኝ ይችላል።

በደረቅ አካባቢዎች የሚገኝ ደለል አፈር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደረቅ ሆኖ ሳለ ጠንካራ መስሎ ይታያል፤ ዶማም አይበግረው ይሆናል። ከተሰበረ የውሃ ቧንቧ ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ሲርስ ግን የቅንጣቶቹ ትስስር ሊላላና ድንገት ሊሰምጥ ይችላል። በላዩ ያለው ሕንፃ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። የዚህ ዓይነቱ አፈር ጠባይ በዓይን አይለይም። የሚለየው ናሙናውን በመጀመሪያ በደረቁ፣ ቀጥሎም ውሃ እያጠጡ በጭነት ሥር በማስቀመጥና የመስመጡን መጠን በመለካት ነው።

በንድፈ ሐሳብ ኮርስ ውስጥ የተጠለለ ቤተ ሙከራ

በአገራችን የሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይወስዳል። ተማሪው ስለ አፈር የሚማረው በዋናነት በሶይል ሜካኒክስ እና በፋውንዴሽን ኢንጂነሪንግ ኮርሶች ሲሆን፣ በተለመደው አደረጃጀት የቤተ ሙከራው ሰዓት የሶይል ሜካኒክስ ኮርስ አንድ አካል ሆኖ ይሰጣል። ይህ አደረጃጀት መነሻ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ተማሪው በክፍል የሰማውን ወዲያው በእጁ እንዲፈትሸው ያስባል።

ችግሩ የሚታየው በአፈጻጸም ነው። ቤተ ሙከራው ከኮርሱ ጠቅላላ ውጤት ትንሽ ድርሻ ብቻ ሲኖረው፣ ተማሪው አንድም ሙከራ በራሱ ሳይሠራ በጽሑፍ ፈተና ብቻ ኮርሱን ማለፍ ይችላል። ከአሥር በላይ ተማሪዎች በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ሲቆሙ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ የቀሩት ይመለከታሉ፤ ሪፖርቱ ግን በሁሉም ስም ይቀርባል። ባለፉት ዓመታት በኮቪድ 19 ወረርሽኝና በጸጥታ ችግር ምክንያት እንደታየው የትምህርት ዘመኑ ሲጨመቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ጊዜና ዝግጅት የሚፈልገው ተግባራዊ ትምህርት ነው። ንግግር በሁለት ሳምንት ሊጠቀለል ይችላል፤ የሸክላ አፈር ናሙና ግን በትዕዛዝ ፈጥኖ አይሰምጥም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተና የተመራቂዎችን ዕውቀት በአገር አቀፍ ደረጃ ለመመዘን ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ይህ በኮምፒውተር የሚሰጥ ምዘና ተማሪው ናሙና በትክክል ማዘጋጀቱን ወይም የመሣሪያ ንባብ መጠርጠር መቻሉን በባሕርዩ ሊለካ አይችልም። የእጅ ክህሎት ምዘና በየተቋሙ፣ በራሱ ኮርስ ውስጥ መከናወን ይኖርበታል።

አንድ ሚዛን የሚወስነው ውሳኔ

የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከግንብ ጀርባ የሚሞላ ገረጋንቲ በቤተ ሙከራ ተጠቅጥቆ ከፍተኛው የደረቅ ክብደቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.85 ግራም ሆነ እንበል። ውሉ በሥራው ቦታ ቢያንስ የዚህን 95 በመቶ፣ ማለትም 1.76 ግራም ገደማ፣ እንዲገኝ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በቦታው ሲለካ የእርጥቡ አፈር ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.98 ግራም ሆኖ አገኘው። ቀጥሎ የሚያስፈልገው የእርጥበቱ መጠን ነው፤ የደረቁ ክብደት የሚሰላው በእርሱ ነውና።

የአፈሩ ትክክለኛ እርጥበት 14 በመቶ ቢሆን የደረቁ ክብደት 1.74 ግራም ይሆናል። ይህ ከሚፈለገው 94 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ ሥራው አያልፍም፤ ንብርብሩ እንደገና መጠቅጠቅ አለበት። ይሁን እንጂ ናሙናው በፌስታል ተጠቅልሎ በደንብ ሳይታሰር በድሬዳዋ ሙቀት ከወንዙ ዳር እስከ ቤተ ሙከራው ድረስ ቢጓዝና በመንገድ ላይ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ቢወርድ ስሌቱ ይለወጣል። ያው አፈር 1.78 ግራም፣ ማለትም ከ96 በመቶ በላይ የተጠቀጠቀ ሆኖ ይመዘገባል። ሥራው ያልፋል፤ ክፍያም ይፈጸማል። ማንም አልዋሸም፤ ሚዛኑም አልተበላሸም። ስህተቱ ያለው ሳይታሰር በቀረው የፌስታል አፍ ላይ ነው።

ይህንን ዓይነቱን ስህተት ከመጽሐፍ መማር አስቸጋሪ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ናሙና ይዞ፣ አንዱን አሽጎ ሌላውን ከፍቶ፣ በማግስቱ ልዩነቱን በሚዛን ያየ ተማሪ ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እንዲህ ያለው መሐንዲስ የምርመራ ሪፖርት ሲቀርብለት ቁጥሩን ብቻ አያነብም፤ ናሙናው በማን፣ መቼና እንዴት እንደተወሰደ ይጠይቃል። በአገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ዲዛይን ኮድም ለዲዛይን የሚመረጠው የአፈር ጥንካሬ ከሙከራ ውጤቶች በመነሳት በጥንቃቄ የሚወሰን ግምት እንዲሆን ይፈልጋል። ኮዱ ፍርድን ለመሐንዲሱ ይሰጣል፤ ፍርዱ የሚገነባው ግን ሙከራው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከማወቅ ነው።

ሦስት ሰዓት የማይበቃቸው ሙከራዎች

ራሱን የቻለ ኮርስ የሚያስፈልግበት ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። የእርጥበት መጠንን ለማወቅ ናሙናው ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ያድራል። የደቃቅ አፈርን ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ በአሰፋፈራቸው ፍጥነት የሚለየው የሃይድሮሜትር ሙከራ ንባቡ እስከ 24 ሰዓት ይዘልቃል። የሸክላ አፈር በጭነት ሥር ቀስ በቀስ የሚሰምጥበትን መጠን በሚለካው የኮንሶሊዴሽን ሙከራ ደግሞ እያንዳንዱ የጭነት ደረጃ በተለምዶ አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል። ስድስትና ሰባት ደረጃ ሲኖር ሙከራው አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሰዓት ብቻ የሚከፈት ቤተ ሙከራ ይህንን ሊያስተናግድ አይችልም።

የተማሪ ቁጥርም መታሰብ አለበት። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች ቢኖሩና አምስት አምስት ሆነው ቢመደቡ 12 ቡድኖች ይሆናሉ። ለቀጥተኛው የሺር ሙከራ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሦስት ናሙና ይፈትሻል፤ በድምሩ 36 ናሙና ማለት ነው። አንዱ ናሙና ከዝግጅቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ቢወስድ አንድ መሣሪያ 18 ሰዓት መሥራት አለበት። ይህ የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን የራሱ መርሐ ግብር፣ የራሱ ኃላፊ መምህርና የሚመደብ ቴክኒሻን ይጠይቃል። እነዚህን ሁሉ በሌላ ኮርስ ጥግ ላይ ማስጠለል አይቻልም።

ጉዳዩ ከድሬዳዋ ይሰፋል

ከድሬዳዋ ውጭም የአፈር ጉዳይ በቅርብ ዓመታት በተደጋጋሚ የአገር ሐዘን ሆኗል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ሥፍራ የተቆለለው ቆሻሻ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከባድ ዝናብን ተከትሎ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ከእነርሱ መካከል ቀድመው የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ጎረቤቶች ይገኙበታል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የተከሰተውና መጠኑ ከ5 በላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ቤተሰቦችንም ከቀዬአቸው አፈናቅሏል።

በመካከለኛው ደጋ የሚገኘው ዋልካ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ እየተሰነጠቀ መንገድንና ቀላል ሕንፃዎችን ይጎዳል። የእያንዳንዱ አደጋ መንስኤ የተለያየ ነው፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ እነዚህን ሁሉ ያስቀራቸው ነበር ማለትም አይቻልም። ሆኖም ቁልቁለት መቼ እንደሚናድ፣ ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ ሲናወጥ ምን እንደሚሆን፣ ዋልካ ሲርስ ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚያስረዳው ዕውቀት የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ናሙና ወስዶ ከመፈተሽ። ይህን የሚሠሩ ባለሙያዎች በየወረዳው በበቂ ቁጥር ያስፈልጋሉ።

ኮርሱ ምን ሊይዝ ይገባል?

ለአንድ መንፈቀ ዓመት የሚሰጥ ኮርስ ከመስክ ቢጀምር መልካም ነው። በድሬዳዋ የሚማር ተማሪ ከደቻቱ አሸዋና ከከተማዋ ዳርቻ ደለል ናሙና ሊያመጣ ይችላል፤ በአዲስ አበባ የሚማረው ዋልካን፣ በደቡብ የሚማረው ቀይ አፈርን ይመረምራል። ተማሪው በመጀመሪያ አፈሩን በዓይኑና በእጁ ይገልጻል፤ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ሻካራነቱንና ሲርስ የሚያሳየውን ጠባይ ይመዘግባል። ናሙናውን ያሽጋል፤ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን ይጽፍበታል።

ቀጥሎ የመለያ ሙከራዎች ይመጣሉ፤ የእርጥበት መጠን፣ በወንፊትና በሃይድሮሜትር የሚደረግ የቅንጣት ልየታ እንዲሁም የአተርበርግ ወሰኖች። በዚህ ደረጃ ተማሪው አፈሩን በመዳፉና በመስታወት መካከል እያንከባለለ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያቀጥነዋል፤ የሚፈረካከስበትንም እርጥበት ያገኛል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ቡድኖች በአንድ አፈር ላይ የተለያየ ውጤት ሲያገኙ ተማሪው የሰው እጅ የልኬት አካል መሆኑን ይረዳል። ከዚያ የጥቅጠቃ ሙከራ፣ ለመንገድ ሥራ የሚያስፈልገው ሲቢአር፣ ውሃ የማሳለፍ አቅም፣ የኮንሶሊዴሽንና የሺር ጥንካሬ ሙከራዎች ይከተላሉ።

የኮርሱ ማጠቃለያ አንድ ሙሉ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ቢሆን ይመረጣል። እያንዳንዱ ቡድን የሰበሰበውን ውጤት አገናዝቦ በተሰጠው ቦታ ላይ ለሚሠራ መሠረት ምክረ ሐሳብ ያቀርባል። እያንዳንዱ ተማሪም ለብቻው በቃል ይጠየቃል፤ አንድ የተመረጠ ሙከራም በመምህሩ ፊት በራሱ እጅ ይሠራል። ያልሠራው ሰው በጓደኛው ሪፖርት ማለፍ አይኖርበትም። ውጤቱ በትምህርት ማስረጃው ላይ ለብቻው መታየቱም ቀጣሪ ድርጅት የተመራቂውን ተግባራዊ ብቃት ለይቶ እንዲያይ ይረዳል።

የሚነሱ ስጋቶች

የመጀመሪያው ስጋት የክሬዲት ጫና ነው። የምህንድስና ተማሪ የኮርስ ብዛት አሁንም ቀላል አይደለም። መፍትሔው አዲስ ጫና መደረብ ሳይሆን በሶይል ሜካኒክስ ኮርሶች ውስጥ ለቤተ ሙከራ የተያዘውን ሰዓት አውጥቶ ለአዲሱ ኮርስ ማዋል ነው።

ሁለተኛው ንድፈ ሐሳብና ተግባር እንዳይራራቁ የሚል ነው። ይህ ተገቢ ስጋት ነው፤ ተማሪው በዓመቱ የተማረውን በዓመቱ ሲፈትሽ የመጀመሪያው ዕውቀት ይደበዝዛል። ስለሆነም ኮርሱ ከሁለተኛው የሶይል ሜካኒክስ ኮርስ ጋር በአንድ መንፈቀ ዓመት ጎን ለጎን እንዲሰጥ፣ የሁለቱ መምህራንም የሳምንት ዕቅዳቸውን በጋራ እንዲያወጡ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ትልቁ ስጋት የመሣሪያ እጥረት ነው። በዚህ ረገድ ማስተዋል የሚገባው አብዛኛዎቹ መሠረታዊ ሙከራዎች ወንፊት፣ ሚዛን፣ ምድጃ፣ የጥቅጠቃ ቅርጽና መዶሻ ብቻ የሚፈልጉ መሆናቸውን ነው። የጥቅጠቃ ቅርጽና መዶሻን የመሳሰሉት በትክክለኛ ልካቸው በአገር ውስጥ የብረት ሥራ ወርክሾፖች ሊሠሩ ይችላሉ። የዘመናዊው ሶይል ሜካኒክስ መሥራች የሚባለው ካርል ቴርዛጊ ራሱ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በኢስታንቡል ሲያስተምር ምርምሩን የጀመረው ከወዳደቁ ዕቃዎች በገጣጠማቸው ቀላል መሣሪያዎች ነበር፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍም የዚያ ድካም ፍሬ ነው። እንደ ትራያክሲያል ያሉ ውድ መሣሪያዎችን ግን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ከሚገዛ ይልቅ በአቅራቢያ ያሉ ተቋማት በጋራ ቢጠቀሙባቸው ያዋጣል።

አራተኛው የቴክኒሻን ጉዳይ ነው። መሣሪያ ያለ ባለሙያ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል። ቴክኒሻኑ የሙከራው ዋና አስተማሪ መሆኑ ታውቆ የሥልጠናና የዕድገት መንገዱ ሊመቻችለት፣ የመሣሪያዎች የልኬት ማረጋገጫም በየጊዜው ሊከናወን ይገባል።

በሌሎች አገሮች ያለው ልምድም አቅጣጫውን ያሳያል። ለምሳሌ አቤት የተባለው መቀመጫውን በአሜሪካ ያደረገ የምህንድስና ትምህርት እውቅና ሰጪ ተቋም፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ቢያንስ በሁለት የሙያው ዘርፎች ሙከራ አካሂዶ ውጤቱን እንዲተነትን ይጠይቃል። መመዘኛው የኮርሱን ቅርጽ ለተቋማት ቢተውም ተማሪው ሙከራውን ራሱ እንዲያካሂድ ያስገድዳል።

ማጠቃለያ

ሥርዓተ ትምህርትን መከለስ የትምህርት ክፍሎች፣ የዩኒቨርሲቲ ሴኔቶችና በአገር አቀፍ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያጣጥሙ አካላት የጋራ ኃላፊነት ነው። የከተማ አስተዳደሮችና የግንባታ ድርጅቶችም ድርሻ አላቸው። የመንገድና የሕንፃ ፕሮጀክቶች በየሥራ ቦታቸው ያቋቋሟቸውን ቤተ ሙከራዎች ለተማሪዎች የተግባር ልምምድ ሊከፍቱ ይችላሉ። ከተሞችም ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርቡላቸውን የአፈር ምርመራ ሪፖርቶች በሥርዓት ቢያደራጁ ለትምህርትም ሆነ ለቀጣይ ዲዛይን የሚያገለግል የከተማ የአፈር መረጃ ይኖራቸዋል።

በደቻቱ ዳር የቆመው ግንብ የሚፈተነው በክረምት ሌሊት፣ ጎርፉ ሲመጣ ነው። በዚያ ሰዓት ከጀርባው ያለው ሙሌት በትክክል ተጠቅጥቆ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ማንም ሊከራከር አይችልም፤ ውሃው ይመልሰዋል። ለቀፊራ ነጋዴና ለመጋላ ነዋሪ የሚበጀው ጥያቄው ከዚያ በፊት በሚዛንና በወንፊት፣ ሥራውን በእጁ በሚያውቅ መሐንዲስ መመለሱ ነው።